ቡልቡላ ስንት ይድረሰው? ቁጥሩን ንገሩን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ በጋ መስኖ ያወጣችሁትን ጽሁፍ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ስንት ሄክታር እንደታረሰና ስንት ኩንታል እንደተገኘ ተጽፏል፣ ውሃው ግን የለበትም። ማለቴ ከየትኛው ወንዝ ስንት እንደተወሰደ፣ ከዛ በታች ላለው ሰው ምን እንደቀረለት አንድ መስመር እንኳን አላየሁም። እኔ ተወልጄ ያደኩት በወንዙ ስም የምትጠራው ቡልቡላ ከተማ ነው፣ አሁን የምሰራው መቂ አካባቢ ነው፣ ስራዬም መስኖ ነው፣ ስለዚህ ውሃ የሚስበውንም ውሃ የሚጠብቀውንም ሰው በቅርብ አውቃቸዋለሁ፣ ሁለቱም ዘመዶቼ ናቸው። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። መቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ይወርዳል፣ ካታር ደግሞ ከአርሲ ከነጭላሎ ከነገለማ ይወርዳል፣ ሁለቱም ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፣ ደንበል የምንለው ማለት ነው። ከዝዋይ የሚወጣው ወንዝ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ቡልቡላ ነው፣ ወደ ደቡብ 30 ኪሎሜትር ገደማ ሄዶ አብያታ ሐይቅ ይገባል። ለአብያታ ከላንጋኖ ሐይቅም በሆራ ቀሎ ወንዝ በኩል ትንሽ ይመጣለታል። ከአብያታ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም፣ እዛ የደረሰ ውሃ መሄጃው ወደ ሰማይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጉራጌና ከአርሲ ጀምሮ ሁላችንም የተጠቀምነው ተደምሮ የሚታየው አብያታ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ እዛ ይወስደን ነበር፣ ፍላሚንጎው ዳሩን ሮዝ አድርጎት፣ ፔሊካኑ ጎረቤቱ ሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለው ደሴት ላይ ጫጩቱን ትቶ አብያታ መጥቶ አሳ ሲያጠምድ እናይ ነበር። ውሃው እየቀነሰ ጨውነቱ ሲበዛ አሳው አለቀ፣ አሳው ሲያልቅ ፔሊካኑም ምግቡን ዝዋይ ድረስ መፈለግ ጀመረ። ሐይቁ በ1960ዎቹ ከነበረው ከግማሽ በታች ሆኗል። ያኔ የቆምንበት ቦታ ላይ ብትቆሙ አሁን ውሃውን ለማየት አይናችሁን አጨንቁራችሁ ነው። የሶዳ አሽ (ከሐይቁ ውሃ የሚወጣ የሶዳ ጨው) ማምረቻውም ውሃ ስቧል፣ እሱ አይካድም፣ ግን ሐይቁ የሚሞላው በዋናነት በቡልቡላ ነውና ቡልቡላ ሲቀጥን ማንም ሌላ ሊሞላው አይችልም።

አሁን ወደዚህ ደብዳቤ ያመጣኝን ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው መጋቢት እማዬ ከቡልቡላ ደውላ ወንዙ ድልድዩ ስር ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም አለችኝ፣ ከብቱ ጭቃ ነው የሚጠጣው አለች። ጉድጓድ ቆፍሩ እንዳይባል የኛ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ጥርስ ያበልዛል፣ ሲቆይ አጥንት ይጎዳል፣ የኔንም ጥርስ ያየ ሰው ከየት እንደመጣሁ ያውቃል። ስልኩን ስዘጋ የቆምኩት ታላቅ ወንድሜ ሽንኩርት ማሳ ላይ ነበር፣ መቂ ወንዝ ዳር፣ የውሃ መሳቢያ ሞተሩ እየሰራ። ጋሼ እማዬ እንዲህ አለች ብዬ ነገርኩት። ደነገጠ፣ ሞተሩን አጠፋው፣ ከዛ እኔን እያየ "የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ በቀን ስንት ሰዓት ላስነሳው? ንገሪኝና ከነገ ጀምሮ ከዛ አላልፍም" አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። በሙያው ስንት አመት ሰርቼ ወንድሜ ምን ያህል መጠቀም እንደሚችል የሚናገር አንድ ቁጥር የለኝም፣ ቢሮም ሄጄ ብጠይቅ የሚሰጠኝ የለም።

ከዛ በኋላ ቁጭ ብዬ ማስላት ጀመርኩ፣ መጀመሪያ የገባኝ ነገር ደግሞ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ መሆኑ ነው። ቁም ነገሩ ሞተሩ የሳበው ሳይሆን ሳይመለስ የቀረው ነው። የጋሼ ሞተር በሰከንድ 10 ሊትር ትስባለች እንበል፣ በቀን 8 ሰዓት ብትሰራ 288 ሜትር ኩብ ነው፣ በበርሜል ብትቆጥሩት 1,440 በርሜል። ግማሽ ሄክታር ሽንኩርቱን በአንድ ዙር 18 ቀን ቢያጠጣ ከ5,000 ሜትር ኩብ በላይ ከወንዙ ወሰደ ማለት ነው። ሽንኩርቱ ግን እስኪደርስ ድረስ የሚፈልገው 500 ሚሊሜትር ያህል ነው፣ ለግማሽ ሄክታር 2,500 ሜትር ኩብ። ይሄ በቅጠሉና በአፈሩ በኩል ወደ አየር ሄዷል፣ ለዚህ ተፋሰስ አይመለስም። የቀረው ግማሽ ከቦይ ሰርጎ፣ ከማሳ ጫፍ ፈሶ፣ የተወሰነው ቆይቶም ቢሆን ወንዙ ወይም ሐይቁ ጋ ይደርሳል፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ይዞ መሆኑ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ላይኛው ተጠቃሚ ምን ያህል በላ ሲባል የሚቆጠረው 2,500ው እንጂ 5,000ው አይደለም።

ይሄን ለምን አጥብቄ አነሳሁት፣ መስሪያ ቤቶቻችን ውሃ ቆጠቡ ሲባል የሚያስቡት ጠብታ መስኖን (ድሪፕ የሚባለውን፣ ውሃ በቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ተክሉ ስር የሚደርስበትን) ስለሆነ ነው። ጠብታ መስኖ ጥሩ ነገር ነው፣ አረም ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ምርት ይጨምራል፣ እኔም ለገበሬ እመክራለሁ። ግን ጋሼ ድሪፕ ቢያስገባ ምን እንደሚያደርግ ጠየኩት፣ ሳያመነታ "በተረፈው ውሃና በተረፈው ነዳጅ ጎን ያለውን ግማሽ ሄክታር እከራያለሁ" አለኝ። ማንም ጤነኛ ገበሬ እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ አልፈርድበትም። ያኔ ከወንዙ የሚስበው ከበፊቱ ብዙም አይለይም፣ ወደ አየር የሚሄደው ግን 2,500 የነበረው 5,000 ሆነ፣ ወደ ወንዙ ይመለስ የነበረውም ቀረ። ሪፖርት ላይ የውሃ አጠቃቀም ውጤታማነት በእጥፍ አደገ ተብሎ ይጻፋል፣ ቡልቡላ ላይ እማዬ የምታየው ግን ሌላ ነው። ድሪፕ ከመሬት ገደብ ጋር ካልመጣ ለታችኛው ሰው ጉዳት ነው፣ ይሄን ፕሮጀክት የሚቀርጹ ሰዎች እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ።

አሁን ሐይቁ ጋ እንሂድ፣ ዋናው ሂሳብ እዛ ነው ያለው። ዝዋይ 440 ካሬ ኪሎሜትር አካባቢ ስፋት አለው፣ ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፣ በአማካይ 2 ሜትር ተኩል ገደማ። ፀሐይና ንፋስ በአመት 1.8 ሜትር ያህል ከላዩ ያነሳሉ፣ ዝናብ ደግሞ ወደ 0.7 ሜትር ይመልስለታል። ልዩነቱ 1.1 ሜትር ነው፣ በ440 ካሬ ኪሎሜትር ስታባዙት 484 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይመጣል። ይሄን ጉድለት የሚሞሉት መቂና ካታር ናቸው፣ ሐይቁ ባለበት ከፍታ እንዲቆይ መጀመሪያ ይሄን ከፍለው ነው ከዛ የተረፈው ወደ ቡልቡላ የሚወርደው። ሁለቱ ወንዞች ድሮ በተለኩባቸው አመታት በአማካይ ከ600 እስከ 700 ሚሊዮን ያመጡ ነበር፣ መሃሉን 650 እንያዝ። 484ን ስትቀንሱ የሚቀረው 166 ሚሊዮን ነው። ቡልቡላም አብያታም የሚኖሩት በዚህች ትርፍ ነው።

እንግዲህ ላይ ያሉት ተጠቃሚዎች የወንዞቹን 10 ፐርሰንት ብቻ ቢበሉ ምን ይሆናል? 10 ፐርሰንት ለጆሮ ትንሽ ነው፣ ስብሰባ ላይ ቢነገር ማንም አይቃወምም። 65 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ማለት ነው፣ በአመት ሁለት ዙር መስኖ ለሚያለማ አንድ ሄክታር 10,000 ሜትር ኩብ ብንይዝ 6,500 ሄክታር። ግን 65ቱ የሚቀነሰው ከ166ቱ ላይ ነው፣ ፀሐይ ድርሻዋን አትቀንስማ። ቡልቡላ 101 ሚሊዮን ቀረው፣ ወደ 40 ፐርሰንት አጣ። ላይ 10 የተባለው ታች 40 ሆነ ማለት ነው። በርግጥ ሐይቁ ሲወርድ ስፋቱ ትንሽ ይጠባል፣ ትነቱም ትንሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቁጥሩ እንደኔ ስሌት ድርቅ ያለ ላይሆን ይችላል፣ የነገሩ አካሄድ ግን ይሄው ነው። ሂሳቡን ሰርቼ ስጨርስ ለሊት ነበር፣ እማዬ ለምን ሁልጊዜ ከኛ ቀድማ እንደምትጮህ የገባኝ ያን ለሊት ነው።

ይሄ ሁሉ ደግሞ አማካይ አመት ላይ ነው። አማካይ አመት የሚባል በተግባር የለም። ዝናቡ ደክሞ ወንዞቹ 500 ሚሊዮን ብቻ ያመጡ እንደሆነ ከ484 የሚተርፈው 16 ነው፣ አንድም ሞተር ሳይነሳ ማለት ነው። ያኔ ሐይቁ ካጠራቀመው ያበድራል፣ ይወርዳል፣ የሚቀጥለው ክረምት ብድሩን ከመለሰ ጥሩ፣ ካልመለሰ ቡልቡላ ይቆማል። በአማካዩ ላይ ተመስርቶ ለላይኛው ሰው ውሃ ማከፋፈል ማለት ደህና ደህናውን አመት አይቶ ደመወዝ ሳይገባ እንደማውጣት ነው። ውሃ የሚያከፋፍሉ ባለሙያዎች ለመስኖ ቢያንስ ከ10 አመት ውስጥ በ8ቱ የሚገኘውን መጠን ነው የሚይዙት፣ ለመጠጥና ለወንዙ ህልውና ደግሞ ከዛም ጠበቅ ያደርጉታል።

በአማካይ መታለል ምን እንደሚያመጣ ትልልቆቹም አይተውታል። አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ የሚባለውን ወንዝ 7 ግዛቶች በ1922 እ.ኤ.አ. ተስማምተው ተካፈሉት፣ 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል በወረቀት ላይ አከፋፈሉ፣ በ1944 ደግሞ ለሜክሲኮ 1.85 ቢሊዮን ተጨመረ። ችግሩ ያኔ የያዙት ልኬት ዝናብ ከወትሮው የበዛበት ዘመን ነበር። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወንዙ የሚያመጣው በአማካይ 15 ቢሊዮን ገደማ ነው። የሌለ ውሃ ተከፋፍለው እስከ ዛሬ ድረስ ፍርድ ቤትና ድርድር ላይ ናቸው፣ ወንዙም አብዛኛውን ጊዜ ባህር አይደርስም። እነሱ ያኔ የያዙት ልኬት የጥቂት አስርት አመታት ብቻ ነበር፣ ለዚህም ተሳሳቱ። እኛ ደግሞ ከጥቂት አመታት በፊት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሞልተው ሰው ሲያፈናቅሉ አይተን "ውሃማ ሞልቷል" ብለን ሞተር ጨመርን።

አንዳንድ ሰው ምናልባት ለአብያታ ስንል፣ ለወፍና ለጨው ውሃ ስንል ሽንኩርት እንተው ወይ ይላል፣ ሲሉም ሰምቻለሁ። ለሱ መልሴ ይሄ ነው። ወንዝ ሁሉ ውስጡ የሟሟ፣ በአይን የማይታይ ጨው ይዞ ይመጣል። ፀሐይ ውሃውን ስትወስድ ጨውን አትወስድም። ዝዋይ በአመት 1.8 ሜትር እየተነነበት እስከ ዛሬ የሚጠጣ ውሃ ሆኖ የቆየው መውጫ ስላለው ነው፣ ቡልቡላ ጨውን እየጠረገ ወደ አብያታ ስለሚያወርድለት ነው። ቡልቡላን ብንቆርጠው ዝዋይ ራሱ መጨረሻ ይሆናል፣ ጨዉ እዛው እየተጠራቀመ ይሄዳል። በአንድ አመት አይታይም፣ በሁለትም አይታይም፣ ግን የባቱ ከተማ የምትጠጣው፣ አበባ እርሻው የሚስበው፣ ቲማቲሙና ፓፓያው የሚጠጣው፣ ቆሮሶ አሳው የሚኖርበት፣ በደሴቶቹ ላይ ያሉት የዛይ ሰዎች በጀልባ የሚቀዝፉበት ውሃ ይሄው አንድ ውሃ ነው። ላይኛው ተጠቃሚ ለቡልቡላ የሚለቀው ውሃ ለታችኛው ሰው የሚሰጠው ምጽዋት አይደለም፣ የራሱን ማሳ ከጨው የሚያተርፍበት ነው። ሐረማያ ደርቆ አሳ አጥማጁ ጀልባውን ትቶ ሲሄድ በኛው ዘመን በአይናችን አይተናል፣ እዛም ላይ ከሚስቡት ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሁሉም የራሱን ትንሽ ነበር የሚስበው።

ህግ የለም እንዳይባል አለ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፣ የሰው መጠጥ ደግሞ ከሁሉም እንደሚቀድም ይደነግጋል። ባህላዊ መስኖን ግን ከፈቃድ ነጻ አድርጎታል። ያኔ ልክ ነበር፣ ቦይ ጠልፎ ጎመን የሚያጠጣ ገበሬ ቢሮ እየተመላለሰ ወረቀት እንዲያወጣ ማድረግ በደል ነው። ዛሬ ግን አንድ ሰው ትንሽ ሞተር ገዝቶ በሞተር ሳይክል ጭኖ ወንዝ ዳር ያስቀምጣል፣ እንደዚህ ያለ ሞተር በሺ ሲቆጠር አንድ ትልቅ እርሻ አከለ ማለት ነው፣ ግን በማንም መዝገብ ላይ የለም። ባህላዊ ነው ወይስ አይደለም? ቀበሌም ወረዳም ስትጠይቁ ሁለት የተለያየ መልስ ነው የምትሰሙት። ትልቁ እርሻ ፈቃድ ስላለው ይቆጠራል፣ ትንሹ አይቆጠርም፣ ድምሩን የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄ ነው። የመቂና የካታር መለኪያ ጣቢያዎች ንባብ፣ የዝዋይ ከፍታና የቡልቡላ ፍሰት በየወሩ ለህዝብ ይውጣ፣ በጋዜጣችሁም ቢሆን፣ የዶላር ምንዛሪ በየቀኑ የሚወጣ ከሆነ የወንዝ ከፍታ በወር አንዴ ለመውጣት አይከብድም። ወንዞቹ ዛሬ የሚያሳዩት ቁጥር ሞተሩ ከሳበ በኋላ የቀረውን ስለሆነ ደግሞ የተበላውን መልሶ ደምሮ ዋናውን ፍሰት ማወቅ ያስፈልጋል። የተበላውን ለማወቅ እያንዳንዱ ሞተር ላይ ቆጣሪ መግጠም አያስፈልግም፣ ማሳ ምን ያህል ውሃ ወደ አየር እንደለቀቀ በሳተላይት ይገመታል፣ የተባበሩት መንግስታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋፖር የሚባለው የሳተላይት ዳታ አፍሪካን ይሸፍናል፣ በነጻ ነው፣ ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ማየት ይችላል። ፍጹም አይደለም፣ መሬት ላይ ወርዶ ማመሳከር ይፈልጋል፣ ግን ከምንም ይሻላል፣ እኔ ራሴ በስልኬ ከፍቼ የጋሼን ሰፈር አይቼዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የምለው ግን ገደቡ የሚነገርበት ጊዜ ነው። መጋቢት ላይ ሽንኩርቱ ግማሽ ደርሶ፣ ማዳበሪያው ተበትኖ፣ ብድሩ ተወስዶ ሞተር አጥፋ ማለት ገበሬውን መግደል ነው። ዝዋይ ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ነው። ያን ጊዜ የሐይቁን ከፍታ አይቶ፣ ለፀሐይ፣ ለመጠጥ፣ ለቡልቡላና ለአብያታ የሚሄደውን ቀንሶ፣ ዘንድሮ ከመቂ ይሄን ያህል ሄክታር ከካታር ይሄን ያህል ሄክታር ሁለት ዙር ይቻላል፣ ወይም ዘንድሮ አንድ ዙር ብቻ ነው ብሎ መናገር ይቻላል። መሬት ከመከራየቱ በፊት፣ ዘር ከመግዛቱ በፊት የተነገረውን ገበሬ ይሰማል፣ የማይሰማም ቢኖር ጎረቤቱ ይጠይቀዋል። ለመስኖ ማህበራቱ ቁጥሩ ይሰጣቸው፣ በመሃላቸው መከፋፈሉን ከማንም በላይ ያውቁበታል።

ይሄን ደብዳቤ እየጻፍኩ እያለ ጋሼ ደውሎ ነበር፣ የሽንኩርት መደብ ሊያዘጋጅ ነው፣ ለግማሽ ሄክታር ይሁን ለአንድ ሄክታር ዘር ልግዛ ብሎ ጠየቀኝ። እስከ ቅዳሜ ጠብቀኝ ብዬዋለሁ። የሐይቁን የዚህ ወር ንባብ የሚያውቅ የመስሪያ ቤት ሰው ካለ እባካችሁ በጋዜጣችሁ በኩል ይመልስልኝ።

አንባቢያችሁ
ከመቂ